ሰንጠረዥ በዴራ መስመር

ኅዳር 3 ቀን 1963፣ ሐሙስ፣ አሰላ

ይህን ደብተር የገዛሁት ሰንጠረዥ ልመዘግብበት ነበር። በአንድ ገጽ አንድ ጨዋታ፤ በግራ የእኔ፣ በቀኝ የአባይነሽ እርምጃ። አሥራ አንድ ገጽ ሞልቻለሁ። ከዛሬ በኋላ ግን እርምጃ የሚጻፍበት አይመስለኝም። ባዶውን ከምተወው የሆነውን ልጻፍበት።

እኔ አሰላ ስልክ ቤት ማዞሪያ ላይ እሠራለሁ፤ አባይነሽ ዴራ ማዞሪያ ላይ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ድምፅዋን በየቀኑ ሰምቻለሁ፣ መልኳን አይቼ አላውቅም። ቀትር ላይ ነጋዴው ምሳ ሲበላ፣ ሹሙም ሲያንቀላፋ፣ መስመሩ ጭር ይላል። ያኔ እኔ "ፈረስ ሐ ሦስት" እላለሁ፤ እሷ "ወታደር መ አራት" ትላለች። በሁለታችንም ፊት ሰሌዳ አለ። ካርቶን ላይ አስምሬ፣ ጠጠሩን ከቆርኪ ሠርቼ፣ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ዴራ የላክሁላት እኔ ነኝ። እርምጃውንም አንድ ወር ሙሉ በስልክ አስተማርኳት። እኔን ያስተማረኝ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ የነበረ ህንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ ነው። የተሸነፈ ተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ያጠፋ ነበር፤ እኔ ከሁሉ በላይ ጠመኔ የበላሁ ተማሪ ነኝ።

ተቆጣጣሪያችን አቶ ተክለወልድ ለካ ከናዝሬት ሆነው መስመሩን ሲያዳምጡ ሰንብተዋል። ዛሬ ደብዳቤ መጣልኝ። "በሥራ ሰዓት፣ በመንግሥት መስመር፣ በፊደልና በቁጥር የተሸፈነ መልእክት ስትለዋወጡ ተደርሶባችኋል። ምን እንደሆነ፣ ማን እንደጀመረውና ከጀርባችሁ ማን እንዳለ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስረዳ። የዴራዋን ቃል በኋላ እቀበላለሁ" ይላል።

ከጀርባዬ ያለው ግድግዳ ነው። ግን ሳቄ አልመጣም። የባሌው አመፅ ከበረደ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ፊደልና ቁጥር የሰማ ሰው ቢደነግጥ አልፈርድበትም። እኔ ብባረር የትም ጸሐፊ ሆኜ እገባለሁ። አባይነሽ ግን እናቷ ዓይናቸው አያይም፤ ከእሷ ሌላ ሰው የላቸውም።

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ

ጻፍኩ። ለናዝሬት አውቶቡስ ሰጠሁ። ሁለት ገጽ ተኩል ስለ ጨዋታው፣ አንድ መስመር ስለ አጀማመሩ። የእጅ ጽሑፌ አምሮ ነበር።

ኅዳር 8፣ ማክሰኞ

ደብዳቤው ደርሶ ይሆን? ጠዋት መስመር ስንሞክር አባይነሽ፣ "ምን ብለህ መለስክ?" አለችኝ።

"እንደሆነው" አልኳት።

"ጥሩ አደረግህ" አለች። ስትናገር ቃሏ መጨረሻ ላይ ሳቅ የምትጨምር ይመስላል። ጨዋታ ካቆምን አምስት ቀናችን ነው። በተቋረጠው ጨዋታ የእኔ ንጉሥ ጥግ ተይዞ ነበርና ሳይቀጥል መቅረቱ ትንሽ ደስ ብሎኛል። ይህን ለእሷ አልነግራትም።

ኅዳር 12፣ ቅዳሜ

አቶ ተክለወልድ ራሳቸው ደወሉ። "አሰላ" ብዬ ሳነሳ፣ "አሰላ መሆኑንማ አውቃለሁ" አሉ። ከዚህ በታች ያለው ቃል በቃል ነው፤ የሰው ንግግር መያዝ ሥራዬ ነው።

"ደብዳቤህን አየሁት። ጨዋታ ነው ትላለህ።"

"አዎ ጌታዬ።"

"በዚህ አገር ሃምሳ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ካርታ አይቻለሁ፣ ዳማ አይቻለሁ፣ ገበጣ አይቻለሁ። ሰንጠረዥ የሚባል ነገር ድሮ በመኳንንት ቤት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ሰው ሲጫወተው ግን አላየሁም። ሰው የማይጫወተው ምኑ ጨዋታ ነው?"

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

"ጥር አሥራ አምስት ዲክሲስ የእህልና የከብት ትርኢት አለ። እኛም ለባላገሩ ስልክ የምናሳይበት ድንኳን እንተክላለን። አንተ ትመጣለህ፣ የዴራዋም ትመጣለች። ያን ሰሌዳህን ይዘህ ና። የማላውቃቸው ሰዎች፣ አንተም ያልለመንካቸው፣ ቁጭ ብለው ሲጫወቱት በዓይኔ ካየሁ ፋይሉን እዘጋለሁ። ካላየሁ ለዋናው መሥሪያ ቤት አስተላልፈዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችሁም የመንግሥት ስልክ አትነኩም።"

ሁለት ወር ከሦስት ቀን አለኝ። አሰላ ውስጥ ሰንጠረዥ የሚችል ከእኔ በቀር አንድ ሰው አላውቅም፤ ዲክሲስ ደግሞ ገብስና ብርድ እንጂ ሌላ ምን እንዳለ አላውቅም።

መስመሩን ከዘጉ በኋላ ነው "የዴራዋም ትመጣለች" ያሉት የገባኝ። ሸሚዝ መግዛት አለብኝ።

ኅዳር 14፣ ሰኞ

ከስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ረዲ ጎበዝ ዳማ ተጫዋች ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጨውና ጫማ ጭኖ ዲክሲስ ገበያ ይወጣል፣ ኦሮምኛውም ከእኔ ይሻላል። ሰሌዳውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁለት።

"ጾም ላይ ነኝ፣ አፌ ደርቋል፤ ሂድ ለሌላ ሰው አስረዳ" አለኝ። ዓይኑን ግን ከፈረሱ ላይ አልነቀለም። ፈረስ ለምን ጠማማ እንደሚሄድ ጠየቀኝ። እኔም አላውቅም። ህንዳዊውን ጠይቄው አላውቅም፤ እንዴት ሳልጠይቅ ቀረሁ?

"ቁማር ነው?" አለ ረዲ።

"አይደለም።"

"ያሸነፈ ምን ያገኛል?"

"ምንም።"

"ወላሂ፣ እንዲህ ብለህ ለሰው እንዳትናገር። ማንም አይመጣም።"

ስወጣ፣ "ሰሌዳውን እዚህ ተወው፤ ማታ ካፈጠርኩ በኋላ አየዋለሁ" አለ።

ኅዳር 22፣ ማክሰኞ

ትናንት ኢድ ነበር። ረዲ ቤት በላሁ። ስለ ጨዋታው የመስጊዱን ትልልቆች ጠይቆልኛል፤ ብር ካልተያዘበትና ሶላት ካላስረሳ እሺ ብለዋል። ረዲ በአራተኛው ጨዋታ ፈረሴን ወሰደብኝ። የዳማ ሰው ነውና መብላት ብቻ ነው የሚያየው፤ ስለ ንጉሡ ግድ የለውም። "ይኸ ሽማግሌ አንድ አንድ እየረገጠ የት ሊደርስ ነው?" ይላል።

ማስታወቂያ በጥቁር ቀለም ጻፍኩ። ከላይ "ሰንጠረዥ፣ የአእምሮ ጨዋታ"፣ ከሥር ህንዳዊው ይለን የነበረውን ደንብ። አንደኛ፣ የነካ ይጫወታል። ሁለተኛ፣ ተራ ይጠበቃል። ሦስተኛ፣ ተመልካች ዝም ይበል። ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ ከበር ሆኜ አየሁት፤ የመንግሥት ይመስላል።

ደብዳቤዬ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው እኮ። አንድ መስመር ማን ልብ ብሎ ያነባል?

ታኅሣሥ 1

አባይነሽ ናዝሬት ተጠርታ ሄዳለች። በቦታዋ የተቀመጠው ሰውዬ ድምፁ የተበላሸ በር ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስሳሳት ዋልኩ።

ታኅሣሥ 3፣ ቅዳሜ፣ ዲክሲስ ደርሼ መጥቼ

ከረዲ ጋር በእህል መኪና ጨው ላይ ተቀምጠን ወጣን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ገበያው ዳር ማዳበሪያ አነጠፍኩ፣ ሰሌዳውን አስቀመጥኩ፣ ማስታወቂያውን በእንጨት ሰቀልኩ። ረዲ በኦሮምኛ ና ና እያለ ተጣራልኝ። "ኮቱ፣ ኮቱ፣ አዲስ ጨዋታ።"

መጡ። ይህን መካድ አይቻልም፣ ሃያ የሚሆን ሰው መጣ። እኔና ረዲ ጀመርን። አንዱ ገበሬ ጎንበስ ብሎ "ይኼ ፈረስ ነው?" ሲል ማስታወቂያውን በጣቴ አሳየሁት። ማንበብ እንደማይችል ዘግይቶ ነው የገባኝ። ዝም ይበል የሚለውን ረዲ ተረጎመለት። ሰውየው ጓደኞቹን አየ፣ ጓደኞቹ እሱን አዩ። ሁሉም ዝም አሉ። አንድ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ብቻ የበግ ገመድ እንደያዘ ከኋላ ቆሞ ቀረ፤ ሌላው አንድ በአንድ ሄደ። ስለ ፈረሱ የጠየቀው ገበሬ ሲሄድ ረዲን በጆሮው አንድ ነገር ነገረው።

"ምን አለህ?"

"ሰው ሞቶበት ነው ወይ አለኝ" አለ ረዲ።

ሳስበው ልቅሶ ቤት እንኳ ሰው ያወራል።

ታኅሣሥ 5፣ ሰኞ

አባይነሽ ተመለሰች። "ናዝሬት ምን አሉሽ?" አልኳት።

"ቃሌን ሰጠሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"የተጠየቅሁትን። መስመርዎ ይሰማል፣ አቶ አሰግድ?"

አንተ ስትለኝ ዓመት ያለፋት ልጅ ዛሬ እርስዎ አለችኝ። ሳስበው፣ ሰው እንደሚያዳምጠን ስለምታውቅ ነው። ጠንቃቃ ናት። እኔም "ይሰማል፣ ወይዘሪት አባይነሽ" አልኳት፤ እንድትስቅ ነበር። አልሳቀችም። መስመሩ ትንሽ ይንጫጫ ነበር፣ ምናልባት አልሰማችውም።

ታኅሣሥ 10፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሆነውን በዝርዝር ልጻፈው፤ እንደዚህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

ዛሬም ዲክሲስ። ዛሬም ማዳበሪያ፣ ዛሬም ሰው መጥቶ መሄድ። እኒያ ባለ ካፖርቱ ሽማግሌ እንደገና መጡ፣ ዛሬ ያለ በግ። አጠገቤ ቁጢጥ አሉና በከዘራቸው ማስታወቂያውን ነካ አደረጉት።

"ይህ ምንድን ነው፣ ልጄ?"

"ሰንጠረዥ ነው፣ አባባ።"

"ሰንጠረዡንማ አየሁት። ይህ የተሰቀለው።"

"ደንቡ ነው።"

"ዓይኔ ደክሟል፤ አንብብልኝ።"

አነበብኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ፣ "ድገመው" አሉ። ደገምኩት። "ተመልካች ዝም ይበል።"

"ማን ነው ያለው?"

"ደንቡ።"

"ታዲያ ለምን ቆሞ ያያል? ከብት ነው?"

ረዲ በሳቅ ወደቀ። እኔ ግን መናደዴን አልደብቅም። ህንዳዊው ሲያስተምረን የጣት ድምፅ እንኳ አይወድም ነበርና እንደዚያ ነው የማውቀው አልኳቸው። ሽማግሌው ወልደጻድቅ ይባላሉ። አያታቸው ከሸዋ መጥተው እዚህ ከሰፈሩት ናቸው፤ አባታቸው ደግሞ በአንድ ደጃዝማች ቤት አጋፋሪ ነበሩ። በር ሲጠብቁ ያዩትን ጨዋታ ተምረው ለልጃቸው አስተማሩ። ሽማግሌው አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ አብሯቸው የሚጫወት ሰው አላገኙም።

"እስቲ ጠጠሩን ደርድር" አሉኝ። ደረደርኩ። "ጀምር" አሉ። አንድ ወታደር አንድ እርምጃ ገፋሁና እጄን ሰብስቤ ጠበቅሁ። እሳቸው በሁለት እጃቸው መግፋት ጀመሩ። ወታደር፣ ወታደር፣ ፈረስ፣ እንደገና ወታደር።

"አባባ፣ ተራ፣ ተራ አለው።"

"ጠላት መጥቶብህ ተራ ትጠብቃለህ? ሰልፍህን አሰልፍ እንጂ።"

ለካ በድሮው አጨዋወት መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። ሁለቱም እንደ ፍጥነታቸው ሰልፋቸውን ይሠራሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ተራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የከበበውም ሰው ይመክራል፣ ይሟገታል፣ ይሳደባል፣ የተጫዋቹን እጅ ይይዛል። ንጉሡን በትልቅ ጠጠር መግደል እንደ ነገሩ ነው፤ በወታደር የገደለ ነው የሚወደሰው። እሳቸው ወታደሩን መደቅ ነው የሚሉት።

አሥራ አምስት ዓመት የተጫወትኩት ጨዋታ በዚሁ አገር ሌላ ወንድም ነበረው፣ እኔ አላውቅም። በአሥር ደቂቃ አሸነፉኝ። ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም፤ እርምጃው ሁሉ ባንድ ጊዜ ነው የሆነው።

ከዚያ ቀና ስል ሰው ከቦናል። ማንም አልጠራውም። እሳቸው ስለጮሁ ነው የመጣው።

ታኅሣሥ 12፣ ሰኞ

ጠዋት ለአባይነሽ ስለ ሽማግሌው ነገርኳት። በፊት ቢሆን መቶ ጥያቄ ትጠይቀኝ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ብቻ ጠየቀች። "ሁለቱም ባንድ ጊዜ የሚሄዱ ከሆነ ቀድሞ የነካው ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?"

"ከቦ የሚያይ ሰው ይመሰክራል" አልኳት።

"ለካ ለዚህ ነው ሰው የሚያስፈልገው" አለች። "ሌላ የሚያዙኝ አለ?"

የለኝም አልኩ። ገመዱን ነቀልኩ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልጻፈው፤ ደብተሩ የእኔ ነው፣ ማንም አያየውም። ኅዳር 5 የጻፍኳት አንዷ መስመር እንዲህ ትላለች። "ጨዋታውን በመስመሩ ላይ የጀመረችው የዴራዋ ኦፕሬተር ናት።" ሴት ናትና ይራሩላታል ብዬ ነው። ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን "ፈረስ" ያለችው እሷ ነበረች፤ ቀድሞ የሚሄደውን ነጩን የሰጠኋት እኔ ስለሆንኩ። ይህን እያሰብኩ አንድ ወር ኖርኩ። አሁን ወረቀት ላይ ሳየው ውሸት ነው። ፈርቼ ነው የጻፍኩት።

ምናልባት አቶ ተክለወልድ ለእሷ አላሳዩዋትም። ተቆጣጣሪ የአንዱን ደብዳቤ ለሌላው አያሳይም።

ታኅሣሥ 24፣ ቅዳሜ

አባባ ወልደጻድቅ ቤት። ከቀንድ የተጠረቡ የአባታቸውን ጠጠሮች ከሣጥን አወጡ። ሰሌዳቸው ቀይ ጨርቅ ነው፣ በጥቁር ክር የተሰመረ፤ እንደ እኛው ነጭና ጥቁር ቤት የለውም። ንጉሡ አናቱ ተሰብሯል። "እንዲህ የሆነው ሲወድቅ ነው ወይስ ተቆጥተው ወርውረውት?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "አባቴ ተሸንፎ" አሉ። ትርኢቱ ላይ እንዲመጡ ለመንኳቸው። ከዚያ አቶ ተክለወልድ "ያልለመንካቸው" ማለታቸው ትዝ አለኝና ልመናዬን መልሼ ወሰድኩ። ሽማግሌው ግራ ገባቸው።

"ና ነው የምትለኝ ወይስ ቅር?"

"እንደ ፈቀዱ ነው።"

"ታዲያ ይህን ለማለት ከአሰላ መጣህ?"

ጥር 6

ሸሚዝ ገዛሁ። ሰማያዊ። አንገቱ ይጠበኛል። ስልክ ቤት ሥራ በዝቷል፣ ትርኢቱን የማይጠይቅ የለም።

ጥር 12

ቅዳሜ ማለዳ ሽቦ እንዘረጋለን። ረዲ ጠጠር የሚሆን ቆርኪ በከረጢት ሰብስቧል፣ አሥር ሰሌዳ የሚሞላ። ሰው ባይመጣስ? ሽማግሌው ቢታመሙስ? እሷስ አውቃ ቢሆንስ?

ጥር 15፣ ቅዳሜ፣ ዲክሲስ፣ አባባ ወልደጻድቅ ቤት

የማሾው መብራት ጭስ ያወጣል፣ ግን ሁሉንም ካልጻፍኩ አልተኛም።

ድንኳናችን ከስንዴው ትርኢትና ከበሬዎቹ መካከል ነው የተተከለው። አንዱ ስልክ እዚህ፣ ሌላው ስድሳ እርምጃ አልፎ ከበሬዎቹ ማዶ። ባላገሩ እዚህ ያነሳል፣ ዘመዱ እዚያ ያነሳል። ከአባይነሽ ጋር የተገናኘነው ሁለታችንም ሽቦ ስንዘረጋ ነው። ረዥም ናት። በድምፅዋ አጭር አድርጌ ነበር የማስባት። ጉንጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። "ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ አሰግድ" አለችና እጅ ነስታ ወደ በሬዎቹ ሄደች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በድንኳኑ ቀዳዳ ነጠላዋን ብቻ አየሁ። ድምፅዋን ግን በጆሮዬ እሰማለሁ፤ ለባላገሩ "እዚህ ላይ ይናገሩ፣ አይጩሁ" ስትል። አንድ ገበሬ ሚስቱን በስልክ "ድንቹን ቀቀልሽ?" አላት። ስድሳ እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ፣ "አንተ እዚያ ሆነህ ከየት አይተኸኝ?" አለችው። ይህን በሌላ ቀን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ሰሌዳውን ከድንኳኑ ፊት ዘረጋሁ። ማስታወቂያውን አልሰቀልኩም፤ ረዲ ጨው ጠቅልሎበታል። አቶ ተክለወልድ በላንድሮቨር በአራት ሰዓት መጡ። ወፍራም አጭር ሰው ናቸው፣ ኮታቸውን ሙሉ ቆልፈዋል። ወንበር ላይ ተቀምጠው ማየት ጀመሩ። ባዶ ሰሌዳ አንድ ሰዓት ሙሉ አዩ። ላቤ በአዲሱ ሸሚዝ አለፈ። ማንንም አልጠራሁም፤ ቃሌ ቃል ነው።

አምስት ሰዓት ላይ አባባ ወልደጻድቅ ቀይ ጨርቃቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። እኔን ሰላም እንኳ አላሉኝም። ጨርቁን መሬት ላይ አነጠፉ፣ ጠጠሩን ደረደሩ፣ ከዘራቸውን ጎናቸው አስቀመጡና ያንን ስለ ፈረሱ የጠየቀውን ገበሬ በስሙ ጠሩት። "ከዲሮ፣ ና ተቀመጥ።" ለካ ሽማግሌው ወሩን ሙሉ ደጃቸው ላይ ሲያስተምሩት ከርመዋል። እኔ አላወቅሁም፣ የነገረኝም የለም።

ጀመሩ። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይገፋሉ፣ እጅ ከእጅ ይጋጫል። ከዲሮ ቀድሞ በላ። "በላ፣ እኔ አይቻለሁ" አለ አንዱ። "አልበላም" አለ ሌላው። ከዚያ ገበያው ፈረሰ ማለት ይቻላል። ሰባ፣ ሰማንያ ሰው። በአማርኛም በኦሮምኛም ይመክራል። "ፈርዳ፣ ፈርዳ" ይላሉ፣ ፈረሱን አንሣ ነው። አንዱ ለከዲሮ መክሮ ከዚያ ዞሮ ለሽማግሌው ይመክራል፤ የተቆጣው የለም። ረዲ በቆርኪ ሌሎች ሦስት ሰሌዳዎች ዘረጋ፣ ሞሉ።

አቶ ተክለወልድ ተነሡ። ቀስ ብለው ቀረቡ። ከዚያ ሰው እየገፉ ወደፊት መጡ። ከዲሮ ፈረሱን ሊያነሣ ሲል ተቆጣጣሪያችን፣ ኮታቸውን እንደ ቆለፉ፣ "ተው፣ ተው፣ እሱን አታንቀሳቅስ፣ ንጉሡ ይራቆታል" ብለው ጮኹ። ከዲሮ ዞሮ አያቸውና ሰማቸው። ሽማግሌው በመጨረሻ የከዲሮን ንጉሥ በመደቅ ገደሉት። ሰው አጨበጨበ፣ ተቆጣጣሪውም አጨበጨቡ።

ወደ ድንኳኑ ጠሩኝ። ፊታቸው ወዝቷል።

"ጨዋታ ነው" አሉ። "ፋይሉን ዘግቼዋለሁ። አንተ እዚያው አሰላ ትቀጥላለህ።"

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ።

"ልጅቷ ግን በመንግሥት መስመር መጫወት የጀመረች እሷ ናትና ትንሽ መቀጣት አለባት። ወደ አርቦዬ ስልክ ቤት አዛውራታለሁ። ታኅሣሥ ላይ ጠርቻት ደብዳቤህን አሳየኋት፤ አልካደችም። 'አዎ፣ እኔ ነኝ የጀመርኩት' ብላ ፈረመች። እውነተኛ ልጅ ናት፤ ለዚህ ነው ቅጣቷን ያቀለልኩት።"

ስድስት ሳምንት። ስድስት ሳምንት ያንን መስመር አንብባ ጠዋት ጠዋት "ይሰማል?" ስትለኝ ነበር።

ከበሬዎቹ ማዶ ሄድኩ። ገመድ እየጠቀለለች ነበር። ምን እንዳልኳት በትክክል አላስታውስም፤ ለምን ፈረምሽ ነው መሰለኝ። ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

"አንዱ ወረቀት ሌላውን ውሸታም ካለው ሁለታችንንም ነው የሚያባርሩን። አንዱ ቢተርፍ ይሻላል ብዬ ነው።"

"እናትሽስ?"

"እሳቸውን ይዤ እሄዳለሁ። ቤቱን በእጃቸው ዳሰው ነው የሚያውቁት። እስኪለምዱ ሌላውን ቤት ትንሽ ይከብዳቸዋል።" ከዚያ ገመዱን አስቀመጠችና አየችኝ። "ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ግን እሺ እልዎ ነበር። አንቺ ላይ ላድርገው ቢሉኝ፣ ተመካክረን እንጽፈው ነበር። ያሳዘነኝ እሱ ነው።"

የዴራ መኪና ጠራት። ሄደች። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለውም። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል እኔን የሚመክረኝ ሰው አልነበረም፤ ለነገሩ አያስፈልገኝም ነበር።

ላንድሮቨሩ ሲነሣ ደረስኩበት። ወረቀት ሞተሩ ክዳን ላይ አስደግፌ ጻፍኩ። "ኅዳር 5 ቀን ስለ አጀማመሩ የጻፍኩት ሐሰት ነው። ሰሌዳውን ለዴራዋ ኦፕሬተር የላክሁት፣ ጨዋታውን ያስተማርኩት፣ በመስመሩ ላይ እንጫወት ያልኩትም እኔ ነኝ። እሷ የፈረመችው እኔን ለማትረፍ ነው። አሰግድ መርሻ።" የእጅ ጽሑፌ አላማረም።

አቶ ተክለወልድ አነበቡት። "ዘግቼዋለሁ አልኩህ እኮ።"

"ይክፈቱት፣ ጌታዬ።"

"ቂል ነህ" አሉ። ቀስ ብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "እሷ ትቆያለች። አርቦዬ ግን ሰው ይፈልጋል።"

ጥር 17፣ አሰላ

ለረዲ ሁሉንም ነገርኩት። ጨው እየመዘነ ሰማኝ። "ደህና አድርገሃል" አለ። "ግን ኅዳር ላይ ብትነግረኝ ያኔውኑ እሰድብህ ነበር።"

የካቲት 9፣ አርቦዬ

መዛወሪያው ደርሶኝ መጣሁ። ስልክ ቤቱ አንድ ክፍል፣ አንድ ማዞሪያ፣ አንድ የተሰበረ ወንበር። እዚህ ሙቀቱ ከአሰላ ይለያል፤ ዝንቡም እንደዚያው። ሰዎቹ ስለ እኔ ለማወቅ ይጓጓሉ፣ እኔም ስለ እነሱ። እስካሁን ምን እንደሚጫወቱ አልጠየቅሁም።

መስመር የሚጠግነው ሠራተኛ ሲያስረዳኝ ከአርቦዬ የሚወጣ ጥሪ ሁሉ በዴራ በኩል እንደሚያልፍ ነገረኝ። አሰላም ቢሆን፣ ናዝሬትም ቢሆን፣ አዲስ አበባም ቢሆን። እንደማላውቅ ሆኜ "እንደዚህ ነው እንዴ?" አልኩት።

የካቲት 14

መስመሩ ተበላሽቷል። ዴራን አልደወልኩም፤ የሚደውል ደንበኛም አልመጣም። የተበላሸው ግን ትናንት ማታ ነው፣ ያልደወልኩት ደግሞ አምስት ቀን።

የካቲት 16

ዛሬ ተጠገነ። ጠዋት ቀድሞ ደዋይ ስላልነበረ እኔው ሰካሁ።

"ዴራ" አለች።

"አርቦዬ" አልኩ።

ከኋላዋ አንድ ሰው ስለ በሬ ሲያወራ ይሰማኛል።

"ናዝሬት ተጠርቼ ነበር" አለች። "ሁለቱንም ደብዳቤ አንብቤያለሁ።"

ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ሳይወጣ እሷ የሥራዋን ጠየቀች።

"ወዴት ላገናኝ?"

"ዴራን ነበር የፈለግሁት" አልኩ።

ቆየሁ፤ እስከ አሥር፣ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ገመዱን አልነቀለችውም።